ቁጭ ብሎ የተጠየቀና ቆሞ የተጠየቀ

ዕድሜዬን የጨረስኩት በነርስነት ነው። በሠራሁባቸው ሆስፒታሎች ሁሉ አንድ ነገር ሲያንገበግበኝ ኖሯል። ከረባት ያሰረ ሰው ወደ ምርመራ ክፍል ሲገባ ወንበር ይቀርብለታል፤ «እርስዎ» ይባላል፤ ሕመሙን ከጀመረበት ቀን አንሥቶ ይተርካል። በባዶ እግሩ የመጣው ገበሬ ግን ቆሞ ይጠየቃል፤ ልጁ በሚሆን ሐኪም «አንተ» ይባላል፤ ነገሩን ሳይጨርስ መድኃኒት ታዞለት ይወጣል። ብዙ ሰው ይህን የጠባይ ጉዳይ ያደርገዋል። ጠባይ የለበትም አልልም። ነገር ግን የሕክምናችንን ታሪክ ላስተዋለው፣ ማን እንደሚደመጥና ማን እንደማይደመጥ የወሰነው ከሁሉ በፊት የሥራው አደረጃጀት ነው።

ዘመናዊው ሕክምና በአዲስ አበባ ሥር ሲሰድ ሐኪምና በሽተኛ የሚነጋገሩበት የጋራ ቋንቋ አልነበራቸውም። ከዓድዋ ድል በኋላ፣ በ1888 ዓ.ም. ክረምት፣ የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን ቁስለኞችን ሊያክም ከተማዋ ገባ። ያቋቋመው ሆስፒታል አሥር ዓመት ያህል ሠራ፤ በዚያው ስፍራም እ.ኤ.አ. በ1910 የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ተመሠረተ። በሽተኛው የሚናገረው ሁሉ በሌላ ሰው አፍ ማለፍ ነበረበት። በሀገር ልጅ እንኳ ችግሩ አልቀረም። ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ጦርነት በኋላ በሕፃንነቱ በእንግሊዝ መኮንን ተወስዶ ሕንድ አደገ፤ ቻርለስ ማርቲን ተብሎ ሕክምና ተማረ። ከዓድዋ በኋላ ሲመለስ አማርኛው ጠፍቶበት ስለነበር የገዛ ወገኖቹን ለማከም አስተርጓሚ አስፈለገው። እሱ ግን በዚያ አልቀረም፤ ቋንቋውን እንደገና ተምሮ በአማርኛ የዓለም ጂኦግራፊ መጽሐፍ እስከ መጻፍ ደረሰ።

ከእሱ በኋላ የመጡት ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች የሀገሩን ቋንቋ እየተናገሩ ያደጉ ናቸው፤ ርቀቱ ግን መልኩን ቀይሮ ቀጠለ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ፣ በካርዱ ላይ የሚጻፈውም በእንግሊዝኛ ሆነ፤ ስለዚህ ፊደል የቆጠረው በሽተኛ ከሐኪሙ ጋር ቶሎ ይግባባል። የሆስፒታሉ አልጋም በማዕረግ ተከፈለ፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። ድኻው ከቀበሌ የነፃ ሕክምና ወረቀት አጽፎ ይመጣል። ወረቀቱን ካርድ ክፍል ሲያሳይ ሕመሙ ከመታወቁ በፊት ድኽነቱ ታወቀ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የሚያገኛቸው ሰዎች ሁሉ በዚያው ዓይን ያዩታል።

አማርኛ የማይናገረው በሽተኛ ዕጣ ደግሞ ከዚህም የከፋ ነበር። በምዕራብ በኩል በሚገኝ አንድ ሆስፒታል ስሠራ፣ ኦሮምኛ ብቻ የምትናገር ወጣት እናት መጣች። ሐኪሙ ቋንቋውን ስለማያውቅ እንደ ልማዱ ዘበኛው ተጠራ። ዘበኛው የመንደሯ ሰው ነው፤ ባሏንም ያውቀዋል። «ሆዴን ያመኛል» ብላ ዝም አለች። የሆድ መድኃኒት ታዘዘላት። ፊቷ አላማረኝምና ከጽዳት ሠራተኞቻችን አንዷን፣ ኦሮምኛ የሚችሉትን እናት፣ ለምኜ ጓዳ አስገባኋቸው። ለካ ከወለደች ጀምሮ ደሟ አልቆመም። ይህን በጎረቤቷ አፍ ለማታውቀው ወንድ እንዴት ትናገር? ሐኪሙ ክፉ ሰው አልነበረም፤ እውነቱን ሲሰማ ደንግጦ ወዲያው አስተኛት። ሆስፒታሉ ግን እሷ የምትናገርበትን መንገድ አላዘጋጀም ነበር።

መንገዱ ሲዘጋጅ ምን እንደሚሆን የተማርኩት ጎንደር ነው። በደንቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ገብቶ 7,000 ያህል ሰው ፈጀ። በማግስቱ ዓመት፣ በ1947 ዓ.ም.፣ የጎንደር ጤና አጠባበቅ ኮሌጅ ተከፈተ። ኮሌጁ ጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሷንና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያውን (ሳኒታሪያኑን) አንድ ላይ አሠልጥኖ በቡድን ገጠር ያሰማራ ነበር። እኔም የማኅበረሰብ ነርስነትን የተማርኩት እዚያው ነው። ቆላ ድባን በመሳሰሉት የልምምድ ጤና ጣቢያዎች የወጣ ተማሪ ሰው ቤት ሲገባ «እንዴት ዋላችሁ» ብሎ፣ «ኖር» ተብሎ፣ መደብ ላይ ይቀመጣል። ውኃው ከየት እንደሚቀዳ፣ ልጆቹ የት እንደሚተኙ፣ ባለፈው ዓመት ማን እንደሞተ ይጠይቃል። በሰው ቤት እንግዳው እኛ ነን፤ ባለቤቱን ቆመው ይመልሱ ማለት አይቻልም። በሆስፒታል አንድ ቃል የማይወጣቸው እናቶች እዚያ ሲናገሩ ቡናው ሦስተኛው ይደርስ ነበር። ሰዎቹ ያው ናቸው፤ የተለወጠው የምንገናኝበት ቦታና የምንሰጣቸው ጊዜ ነው።

ሌላው ምሳሌዬ የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል ነው። ካትሪንና ሬጂናልድ ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ሊሠሩ ከአውስትራሊያ መጡ። በምጥ ተጎድተው ሽንታቸውን መቆጣጠር ያቃታቸውን፣ ሰው በጠረናቸው የሸሻቸውን ሴቶች ሲያዩ እ.ኤ.አ. በ1974 የራሳቸው ሆስፒታል እንዲኖራቸው አደረጉ። በዚያ ሆስፒታል ከቀዶ ሕክምናው እኩል የምደነቅበት፣ የዳኑት ሴቶች ራሳቸው ረዳት ነርስ ሆነው አዲስ መጪዎችን መቀበላቸው ነው። ከነሱ አንዷ ማሚቱ ጋሼ፣ በታካሚነት መጥተው፣ የመደበኛ ትምህርት ዕድል ሳያገኙ የተዋጣላቸው የፊስቱላ ቀዶ ሐኪም ሆኑ። ያ ሕመም በገዛ አካሏ ያለፈባት ሴት ስትጠይቅ፣ አዲሷ ታካሚ የምትሸሽገው ምን አለ?

በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው ፕሮግራም የተሰማሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም በዚህ መንገድ የሚሄዱ ናቸው። በየቀበሌው ሁለት ሴቶች፣ የአካባቢውን ቋንቋ የሚናገሩ፣ ቤት ለቤት የሚዞሩ። እናቲቱ ከነሱ ጋር በልቧ ያለውን ታወራለች። ሕመሟ ጠንቶ ወደ ሆስፒታል ስትላክ ግን ያው የቆየው ሥርዓት ይጠብቃታል።

ወጣት ሐኪሞችን መውቀስ ቀላል ነው። በራቸው ላይ ያለውን ሰልፍ አውቀዋለሁ፤ ያ ሁሉ ሰው ከምሳ በፊት መታየት አለበት። ስለዚህ የምጠይቀው ከጤና ቢሮዎችና ከሆስፒታል አስተዳዳሪዎች ነው። አስተርጓሚነት ደመወዝ ያለው፣ ምስጢር መጠበቅን የተማረ ሰው ሥራ ይሁን፤ ዘበኛው ወደ በሩ ይመለስ። በእያንዳንዱ ምርመራ ክፍል የበሽተኛ ወንበርና መጋረጃ ይኑር። የነፃ ሕክምና ወረቀቱ ሒሳብ ክፍል ይቅር፤ ምርመራ ክፍል አይግባ። የሕክምና ተማሪ ሲመዘን፣ አንድን ገበሬ «እርስዎ» ብሎ ሳያቋርጥ ማድመጡም ይመዘን። ከነዚህ አንዱም የውጭ ምንዛሪ አይፈልግም። ጎንደር ላይ በተማሪ እጅ የተቻለ ነገር በትልልቆቹ ሆስፒታሎቻችን የማይቻልበት ምክንያት የለም።