እንግዳው ጻፈ፣ ማን አበሰለ?



ባለፈው በጋ ባልና ሚስት የሆኑ ሁለት እንግዶች ጀጎል ውስጥ በምትኖር አንዲት አባላችን ቤት ምሳ በሉ። ሥራቸውን ትተው፣ ቤታቸውን አከራይተው፣ ዓለምን መዞር ከጀመሩ ሁለተኛ ዓመታቸው ነበር። በየደረሱበት አገር የሚፈልጉት ሦስት ነገር ነው አሉን፤ የአገሩን ምግብ መቅመስ፣ ታሪኩን መስማት፣ ከሰዉ ጋር መዋል። ነደባው ላይ ተቀምጠው ሁልበት መረቁን እያጣጣሙ ሳለ ሚስትየዋ እንዲህ ስትል ጠየቀች፤ «ራምቦ እዚህ ሲኖር ምን ይበላ ነበር? ማንስ ያበስልለት ነበር?»

እርስ በርሳችን ተያየን። ራምቦ መቼ እንደመጣ፣ ምን ይነግድ እንደነበር፣ በስሙ የሚጠራው ሙዚየም የት እንዳለ ልጆቻችን ሳይቀሩ ያውቃሉ። ምን እንደበላ ግን ጠይቀን አናውቅም። ይህን ጽሑፍ ያስጀመረን ያ ጥያቄ ነው። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ስብሰባችን ላይ ሐረርን ያዩ መንገደኞች የጻፉትን ከሚያነቡልን ልጆች ጋር እየተወያየን ቆየን። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር አስቀምጠናል።

ከተማችን እንግዳን የተቀበለችው በግንብና በበር ነው። ግንቡን በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት አሚር ኑር ናቸው። ባለቤታቸው ባቲ ድል ወንበራ፣ ቀድሞ የኢማም አሕመድ ባለቤት የነበሩት፣ በዚያ ዘመን ታሪክ ውስጥ ስማቸው ከተጻፈ ጥቂት ሴቶች አንዷ ናቸው። አምስቱ በሮች ሲመሽ ይዘጉ ነበር። ቀን ቀን ግን ከግንቡ ውጭ ያለው ገበሬ ማሽላውን፣ ወተቱን፣ እንጨቱን ይዞ ይገባል፤ የከተማው ሰው ጨርቁን፣ ስፌቱን፣ ከባሕር ማዶ የመጣውን ሸቀጥ ይሸጥለታል። ግንቡ ሰውን ቢለይም ማዕዱ ሁለቱን ወገን ይፈልግ ነበር።

ሪቻርድ በርተን የተባለው እንግሊዛዊ ከዘይላ ተነሥቶ ሐረር የደረሰው ጥር 3 ቀን 1855 ነው። አብዛኛውን መንገድ የመጣው የዓረብ ነጋዴ መስሎ ነው። በአሚር አሕመድ ዘመን አሥር ቀን ቆይቶ ወጣና በሚቀጥለው ዓመት ጉዞውን በመጽሐፍ አሳተመ። ወደ ሐረር የገባ የመጀመሪያው አውሮፓዊ እየተባለ ዛሬም የሚነሣው በዚህ ነው።

መጽሐፉ ሲነበብልን ሁለት ቦታ ላይ አስቆምነው። አንደኛው ስለ ቅፍለቱ የሚያወራው ነው። ከዘይላ አብረውት ከተነሡት መካከል ሁለት ሴት ወጥ ሠሪዎች ነበሩ፤ ሳመዌዳ ዩሱፍና አይብላ ፋሪህ። በርተን ከሺህ አንድ ሌሊት ተረት ስም ተውሶ ሸህራዛድና ዲናርዛድ ይላቸዋል። እነዚህ ሴቶች እንደ ወንዶቹ በእግር ይጓዛሉ፤ ማረፊያ ሲደረስ ጭነት ያወርዳሉ፣ የሰሌን ድንኳኑን ይተክላሉ፣ ምግቡን ያበስላሉ፣ ሻዩንና ቡናውን ያፈላሉ። ዓለም የሚያውቀው የበርተን ጉዞ በእነሱም ጉልበት የተጓዘ ነው። በርተን እውነተኛ ስማቸውን መዝግቦ ማለፉን እንደ ውለታ ቆጠርንለት።

ሁለተኛው ቦታ ስለ ማዕዱ የሚናገረው ነው። ሐረር በገባ ዕለት ከአሚሩ ወጥ ቤት የተላከለት ምግብ ሻብታ ይባላል፤ በጎምዛዛ ወተት የራሰ፣ በርበሬ በደንብ የተነሰነሰበት የማሽላ ቂጣ። ማሽላው፣ ወተቱና በርበሬው ተጽፏል። ቂጣውን የጋገረችው ሴት ግን አልተጻፈችም። በርተን ስለ ከተማው ሴቶች ድምፅ ሻካራነትና ጯሂነት ለመጻፍ ቦታ አላጣም። ይህ ሲነበብ ስብሰባው በሣቅ ሞላ፤ አንዷ እህታችን «በእንጀራ ሰዓት ጠርተውት ይሆናል» አለች።

ግብፆች ሐረርን በ1875 ይዘው እስከ 1885 ሲቆዩ ለውጭ ነጋዴዎች በሩ ሰፋ። አርተር ራምቦ በኤደን ለሚገኝ የፈረንሳይ ንግድ ቤት ተቀጥሮ በ1880 መጨረሻ የመጣው በዚያ ጊዜ ነው። ገጣሚነቱን ትቶ ቡናና ቆዳ ይነግድ ነበር። እየሄደ እየተመለሰ በሐረር ኖሮ፣ በ1891 እግሩ ታሞ በቃሬዛ ወጣና በዚያው ዓመት ኅዳር ማርሴይ ላይ አረፈ። በመካከሉ፣ በጥር 1887፣ ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ ምኒልክ ከተማዋን ይዘው አስተዳደሯን ለመኮንን ሰጥተው ነበር። ራምቦ ለቤተሰቡ የላካቸው ደብዳቤዎች ስለ ዋጋ፣ ስለ ጭነት፣ ስለ መሰልቸት የተሞሉ ናቸው። አገልጋዩ ጃሚ በስሙ ይታወቃል፤ ራምቦ በሞት አልጋው ላይ ሆኖ ሳይቀር አስታውሶታል። እንግዳችን የጠየቀችው የወጥ ቤቱ ነገር ግን ከደብዳቤዎቹ ውስጥ የለም።

በ1902 ባቡሩ ድሬዳዋ ደረሰ፤ ሐረርንም ወደ ጎን ትቷት አለፈ። እንግዳ ግን አልቀረም። እንግሊዛዊው ደራሲ ኤቭሊን ዎ በ1930 ለንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል ወደ አዲስ አበባ መጥቶ ሐረርን ሳያይ አልተመለሰም። በ2006 ዩኔስኮ ጀጎልን በዓለም ቅርስነት መዘገበ። ዛሬ ዓለምን የሚዞሩ ወጣቶችና ጡረተኞች ከግድር መጋላ እስከ መኪና ግርግር እየተመላለሱ የልብስ ስፌት መኪናውን ድምፅ ይቀዳሉ፣ ማታ ከበር ውጭ ጅብ ሲመገብ ያያሉ፣ ከዚያ «የቤት ምግብ የት እናገኛለን?» ይላሉ።

ወደ ራሳችን ጉዳይ የመለሰን ይህ ጥያቄ ነው። ከላይ ያልናቸውን ባልና ሚስት ያመጣቸው አስጎብኚ ቤቱን ለማየት የሚከፈለውን ከፍሎ ነበር፤ ለምሳው ግን ምንም አልታሰበም። እሱም አልጠየቀም፣ እኛም አልተናገርንም። አባላችን ለቅቤውና ለሥጋው ከዕቁቧ አውጥታለች። ነገሩ በስብሰባ ሲነሣ ለሁለት ተከፈልን። «ቤታችን የገባን እንግዳ ሒሳብ መጠየቅ ነውር ነው፤ እናቶቻችን እንዲህ አላሳደጉንም» ያልን ነበርን። «እንጨቱ በብር፣ ውኃው በብር፤ ነውሩ እኛን ብቻ ነው እንዴ የሚያስርበን?» ያልንም ነበርን። ሁለት ሳምንት ተከራከርን፤ አንድ ቀንማ ተኮራርፈን ተለያየን።

የታረቅነው አንዲት አዛውንት እናታችን ሲናገሩ ነው። «ልጆቼ፣ የአሚር እንግዳ የአሚር ነው፣ የገበያ ሰው የገበያ ነው። ሁለቱን ያምታታችሁት እናንተ ናችሁ።» እውነታቸውን ነው። የበርተን ሻብታ ከአሚሩ ጓዳ ወጣ፤ ወጪው የአሚሩ፣ ክብሩም የአሚሩ ነበር። ከበሩ ሥር ተቀምጣ ወተት ወይም ስፌት የምትሸጥ ሴት ግን ዋጋዋን ስትጠራ ማንም ነውረኛ ብሏት አያውቅም። ሐረር በእንግዳ አክባሪነትም በንግድም የኖረች ከተማ ናት፤ ሴቶቿም በሁለቱም። ትልቁ ስፌት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቤት ያስከብራል፤ የሚሸጠውም ልጅ ያስተምራል። የአፎቻችንም ልማድ ይህንኑ ያሳየናል። ለሠርግና ለኀዘን ጉልበታችንን ያለ ክፍያ እንሰጣለን፤ የምንሰጠው ግን ነገ በተራችን የሚሰጠን ስላለ ነው። መንገደኛው ነገ ሌላ አገር ነው፤ ተራውን አይመልስም።

ስለዚህ ሦስት ነገር ተስማማን። ደጃፋችንን የረገጠ ሁሉ ቁጢ ወይም ቡና በነፃ ይቀርብለታል፤ ይህ የእናቶቻችን ነው፣ ሒሳብ የለውም። ምሳ ግን አስቀድሞ የሚነገር ዋጋ ይኖረዋል፤ ከወጪው የተረፈው ለአብሳይዋ ይሰጣል፣ ጥቂቱም ወደ ማኅበሩ ቁጠባ ይገባል። ሦስተኛው መዝገብ ነው። ማን ምን እንዳበሰለች፣ ከማን እንደተማረችው፣ እንዴት እንደሚሠራ ይጻፍበታል። ደጋፊዎቻችን ለጽሕፈት መሣሪያ ከሰጣችሁን ገንዘብ የመጀመሪያው ወፍራም ደብተር ተገዝቷል።

ባልና ሚስቱ ከመሄዳቸው በፊት የጉዞ ማስታወሻቸውን አውጥተው የአባላችንን ስም እንዴት እንደሚጻፍ ጠየቁ። እሷ እስክሪብቶውን ተቀብላ በራሷ እጅ ጻፈችላቸው። በማታ ትምህርት ፊደል ከቆጠረች ሦስተኛ ዓመቷ ነው።

በመዝገቡ እስካሁን አሥራ አንድ ምግቦች ገብተዋል። የሁልበት መረቅ ብቻ በሦስት እናቶች በሦስት ዓይነት ተጽፏል፤ አንዳቸውም የሌላዋን ትክክል ነው አላሉም፣ እኛም አላስማማናቸውም። ሻብታ ገና አልገባም። ማሽላን በጎምዛዛ ወተት አርሶ መብላት ከአያቷ ቤት የምታስታውስ፣ በዚያ ስምም ሆነ በሌላ፣ ከጀጎል ውስጥም ሆነ ከገጠር የመጣች እህት ካለች፣ በሚቀጥለው ስብሰባ መጥታ ታስጽፍ። ስሟ ከምግቡ በላይ በመጀመሪያው መስመር ይጻፋል።