ከጣና ብራና እስከ ደረሰኝ ወረቀት፦ የፊደላችን ቅርጽና የማሽን አቅም



ከዚህ ከባሕር ዳር ማዶ፣ በክብራን ገብርኤልም ሆነ በዳጋ እስጢፋኖስ የተጠበቁት የብራና መጻሕፍት በቁም ጽሕፈት ሥርዓት የተጻፉ ናቸው። ጸሐፊው ብራናውን በወስፌ ወግቶ ያሰምራል፤ በመቃ ብዕር ይጽፋል። ፊደሉን ባሳነሰ ጊዜም የ«ሌ»ን ቀለበት አይደፍንም፤ የ«ሉ»ን ቅጥል አያስቀርም። ቅርጹን ለመጠኑ የሚወስነው እጁ ነው።

ማሽን ሲመጣ ይህ ውሳኔ ወደ ሌላ አካል ተሻገረ። እ.ኤ.አ. በ1513 ዮሐንስ ፖትከን መዝሙረ ዳዊትን በሮም በግእዝ ሲያሳትም ፊደሉ ወደ ብረት ቅርጽ ገባ። በ1920ዎቹ ዓ.ም. አያና ብሩ የላቲኑን የጽሕፈት መኪና ለአማርኛ ሲያሰናዱ ደግሞ ፈተናው የቁልፍ ማነስ ነበር። ከሁለት መቶ የሚበልጡ ሆሄያት በጥቂት ቁልፎች ሊወጡ ስለማይችሉ፣ ቅጥሉ ከፊደሉ አካል ተለይቶ እንዲመታ ሆነ። የፊደሉ መልክ ተጎዳ፤ ነገር ግን የመሥሪያ ቤት አማርኛ በመኪና ተጻፈ። ለዘመኑ አቅም የተገባ ምርጫ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ሆሄያትን፣ አኃዞችንና ሥርዓተ ነጥብን ጨምሮ ለ345 ምልክቶች ለእያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ኮድ ሰጠ። የኮዱ ጥያቄ በዚህ ሲመለስ የቅርጹ ጥያቄ ግን ቀረ።

በየሱቁ የምናየው ትንሽ የደረሰኝ ማተሚያ በሙቀት ይሠራል፤ በተለምዶ በአንድ ሚሊ ሜትር 8 ነጥብ ያትማል። ነጥቡ ወይ ጥቁር ወይ ነጭ ነው፤ በኮምፒውተር ስክሪን ላይ የፊደልን ጠርዝ የሚያለሰልሰው ግራጫ የለውም። ስለዚህ ለመጽሐፍ የተነደፈ ፎንት በስሌት ብቻ ወደ 16 ወይም 24 ነጥብ ቁመት ሲወርድ ቀለበቱ ሊደፈን፣ ቅጥሉም ሊጠፋ ይችላል። መሐሉ ክፍት የሆነ ቀለበት ቢያንስ 3 ነጥብ በ3 ነጥብ ቦታ ይሻል። ነገሩ የውበት ብቻ አይደለም፤ ኃይሉና ኃይሌ ሁለት ሰዎች ናቸውና፣ ገንዘብ የከፈለው የትኛው እንደ ሆነ ደረሰኙ መናገር አለበት።

አማራጩ እያንዳንዱን ሆሄ ለዚያው መጠን ነጥብ በነጥብ መሣል ነው። 24 በ24 ነጥብ የሆነ አንድ ምልክት 72 ባይት ይይዛል፤ 345ቱ በአንድነት 24,840 ባይት ይሆናሉ። ይህም ለትንሽ መሣሪያ እንኳ ከባድ ሸክም አይደለም። ብዙ መጠን ለሚያትምና ሰፊ ማኅደረ ትውስታ ላለው መሣሪያ በስሌት የሚሰፋና የሚጠብ ፎንት ሊሻል ይችላል። አንድ ወይም ሁለት መጠን ብቻ ለሚያትመው ግን አያና ብሩን ያስገደዳቸው እጥረት ዛሬ የለም። የቁም ጸሐፊው በብዕሩ ይወስን የነበረውን፣ ዛሬ መሣሪያውን የሚሠራው መሐንዲስ በነጥብ ሊወስነው ይገባል።