ያልታሰበ ፎቅ የተጫነበት ቤት

በእንግሊዝ አገር፣ በቼሺር አውራጃ፣ ዙሪያውን ውኃ በተሞላ ጉድጓድ ተከብቦ የቆመውን ሊትል ሞርተን ሆልን የሚያይ መሐንዲስ በመጀመሪያ የሚፈልገው ቱምቢውን ነው። ግድግዳው ጎብጧል፣ ወለሉም እንደ ማዕበል ከፍና ዝቅ ይላል። ቤቱ ግን ከ400 ዓመት በላይ ቆሟል።

የሞርተን ቤተ ሰብ ግንባታውን በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ጀምሮ እስከ 1610 እ.ኤ.አ. ገደማ እየቀጠለ ሠርቶታል። ጭነቱን የሚሸከመው ኦክ ከተባለው ጠንካራ እንጨት የተሠራው አጽም ነው። የአንዱ ጫፍ እንደ ምላስ ተጠርቦ በሌላው ቀዳዳ ውስጥ ይገባል፤ በእንጨት ችንካርም ይታሰራል። በዘመኑ ልማድ በምሰሶዎች መካከል ያለው ክፍተት በተጎነጎነ ጭራሮና ጭድ በተቀላቀለበት ጭቃ ይደፈን ነበር፤ ይህ ለእኛ አገር ሰው ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። በ1559 የተሠሩት የግቢው መስኮቶች የባለቤቱን የዊልያም ሞርተንን ስም ብቻ ሳይሆን የአናጢውን የሪቻርድ ዴልን ስም ጭምር ይዘዋል። ከእኛ ሕንፃዎች ስንቱ የሠሪውን ስም ይዟል?

ችግሩ የመጣው በ1560ዎቹ በተሠራው ደቡባዊ ክፍል ነው። ሥራው ከተጀመረ በኋላ ሳይሆን አይቀርም፣ በላዩ 21 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የመንሸራሸሪያ አዳራሽ ተጨመረ፤ ጣሪያውም በከባድ የድንጋይ ንጣፍ ተከደነ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ አዳራሽ የባለጸጎች ፋሽን ነበር። በአዳራሹ ሁለት ጫፎች ያሉት የዕድልና የዕጣ ፈንታ ምስሎች፣ ሮበርት ሬኮርድ በ1556 ካሳተመው የሥነ ፈለክ መጽሐፍ የተቀዱ ናቸው፤ በተከታዩ ዓመት የእኩልነትን ምልክት ያስተዋወቀን ይኸው ሰው ነው። ስሌት የሚያውቅ ሰው መጽሐፍ ያጌጠበት ፎቅ ያለ ስሌት መጫኑ ያስገርማል።

ታዲያ ለምን አልወደቀም? በእኔ አስተያየት ያዳነው መጋጠሚያው ነው። በችንካር የታሰረው እንጨት በጥቂቱ ዞሮ ሸክሙን ለጎረቤቱ ያካፍላል፤ ግትር የድንጋይ ግንብ ቢሆን ኖሮ ይሰነጠቅ ነበር። ኋላም አዳራሹን የሚያጸኑ የብረት ዘንጎች ገብተውለታል።

ሌላው ጠባቂ ድህነት ነበር። በ1642 የተጀመረው የእርስ በርስ ጦርነት የንጉሡ ወገን የነበሩትን ሞርተኖች በዕዳ ዘፈቃቸው፤ ቤቱም ለገበሬዎች ተከራየ። አፍርሶ በጡብ የሚሠራው ገንዘብ ያለው ሰው አልመጣም። በ1938 ናሽናል ትረስት የተባለው የቅርስ ጠባቂ ማኅበር ተረከበው። ከዚያ ወዲህ የተደረገው ጥገናም ቤቱን አላቀናውም፤ እያንዳንዱ ግንድ በጎበጠበት ተደግፎ ይኖራል።