ከመዝገበ ቃላት የተቀዳ ጠባይ

ስለ ሰው ጠባይ ጥናት ለመዝገበ ዕውቀት የሚሆን አንቀጽ እንዲያረቅ የታዘዘ ተማሪ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከጥንቱ ሐኪም ከጋሌኖስ ነው። ደምን፣ አክታን፣ ብጫና ጥቁር ሐሞትን ይቈጥራል፤ የፍሮይድን ስም ጠርቶ ያልፋል፤ በመጨረሻም የሰው ጠባይ አምስት ታላላቅ ክፍሎች እንዳሉት ተረጋግጧል ብሎ ይደመድማል። በረቂቁ የተጠቀሰው ስም ሁሉ ትክክል ሊሆን ይችላል። ጉድለቱ አምስት የሚለው ቍጥር ከየት እንደ መጣ አለመናገሩ ነው። ቍጥሩ የመነጨው የሰውን አካል ከመመርመር ሳይሆን መዝገበ ቃላትን ከማገላበጥ ነውና።

እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ጋልተን በ1884 ዓ. ም. (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ጠባይን የሚገልጹ ቃላት ስንት እንደሚሆኑ ለማወቅ የሮጀትን የቃላት መድበል ተመልክቶ ከሺሕ እንደማያንሱ ገመተ። ሥራውን ከፍጻሜ ያደረሱት ግን አሜሪካውያኑ ጎርደን ኦልፖርትና ሄንሪ ኦድበርት ናቸው። እነርሱም በ1936 ዓ. ም. 400,000 ያህል ቃላት ከያዘው ከዌብስተር መዝገበ ቃላት አንዱን ሰው ከሌላው የሚለዩትን 17,953 ቃላት አወጡ። ዝርዝሩንም በአራት ዓምድ ከፍለው፣ ጸንቶ የሚኖር ጠባይን ያመለክታሉ ያሏቸውን 4,504 ቃላት በመጀመሪያው፣ ጊዜያዊ ስሜትን የሚገልጹትን በሁለተኛው፣ ለማመስገን ወይም ለመንቀፍ የሚነገሩትን በሦስተኛው፣ የቀሩትን በአራተኛው አኖሩ።

ይህ አከፋፈል ቀላል መስሎ ቢታይም ትልቁ ችግር የተሰወረው በእርሱ ውስጥ ነው። በአማርኛ ጨዋ የሚለው ቃል የመልካም ቤተ ሰብ ልጅነትን ያመለክታል፤ የታረመ ጠባይንም ያመለክታል፤ በቤተ ክህነት አነጋገር ደግሞ ያልተማረ ማለት ነው። እንግዲህ ቃሉ የሚገባው በጠባይ ዓምድ ነው ወይስ በምስጋና? ፍርዱ የሚሰጠው በቈጣሪው ነው፤ ቈጣሪውም የራሱን አገር ልማድ ይዞ ይቈጥራል።

ከ1943 ዓ. ም. ጀምሮ ሬይመንድ ካቴል ይህን ዝርዝር እያጠቃለለ ወደ 35 ቡድን አወረደው። በዚያ ዘመን የተዛምዶ ስሌት እጅግ አድካሚ ስለ ነበረ፣ ማሳጠሩ የሳይንስ ብቻ ሳይሆን የድካምም ጕዳይ ነበር። በ1961 ዓ. ም. በአሜሪካ አየር ኃይል ውስጥ ይሠሩ የነበሩት ቱፕስና ክሪስታል፣ ሰዎች በእነዚሁ የካቴል ቡድኖች እርስ በርሳቸው የሰጡትን ግምት መርምረው አምስት ክፍሎች አገኙ፤ ዋረን ኖርማንም በ1963 ዓ. ም. አጸናው።

በሌሎች ቋንቋዎች የተደረገው ምርመራ አምስቱን ከንቱ አላደረጋቸውም፤ በብዙ ዘንድ ተመሳሳይ ነገር ተገኝቷል። ሆኖም አሽተንና ሊ በ2004 ዓ. ም. ከባልደረቦቻቸው ጋር የሰባት ቋንቋዎችን ቃላት አስተያይተው ስድስተኛ ክፍል፣ ይኸውም ሐቀኝነትንና ትሕትናን፣ ጨመሩ። በ2013 ዓ. ም. የታተመው ጥናት ደግሞ ከዚህ ይርቃል። በቦሊቪያ ቈላ እያረሱና እያደኑ የሚኖሩት የጺማኔ ሰዎች፣ ቍጥራቸው 632 የሆነ፣ ወደ ቋንቋቸው በተተረጐመ መጠይቅ ቢጠየቁ አምስቱ ክፍሎች አልታዩም፤ ጐልተው የወጡት ለሌላው በጎ መሆንና ታታሪነት ናቸው።

በአማርኛ ለሚጽፈው ተማሪ ሌላም ጥንቃቄ ይቀራል። ጠባይ የሚለው ቃል ራሱ በግእዙ ጠባይዕ በኩል ከዓረብኛ የመጣ ነው፤ በዓረቦቹ የሕክምና መጻሕፍት ከጋሌኖስ ትምህርት ጋር የተያያዙትን የተፈጥሮ ባሕርያት ይጠሩበት ነበር። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንትም የሥጋን ባሕርያት መሬት፣ ውሃ፣ ነፋስና እሳት ብለው አራት ያደርጓቸዋል። ስለዚህ ረቂቁ የጋሌኖስን ትምህርትና የካቴልን ስሌት ያለ ማብራሪያ በአንድ ቃል ጠባይ ብሎ ከጠራቸው፣ አንባቢው ሁለቱን አንድ ነገር አድርጎ ይቀበላል። ተረጋግጧል በሚለው ቃል ፈንታም፣ በመጀመሪያ ከእንግሊዝኛ ቃላት ተነሥቶ ተገኘ፣ በብዙ ቋንቋዎች ተደገፈ፣ በጺማኔ ዘንድ ግን አልተገኘም የሚል ሊገባ ይገባል።