አረንጓዴው ዝናብና ዎክማን

ኮድ መጻፍ የጀመርን ሰሞን፣ ኮምፒውተራችን ላይ አረንጓዴ ፊደል የሚያዘንብ ስክሪንሴቨር ያልጫነ ጓደኛ አልነበረኝም። ከ«ማትሪክስ» ፊልም (እ.ኤ.አ. 1999) የተቀዳ ነው። እኛ ምስጢራዊ ኮድ ይመስለን ነበር። ዲዛይነሩ ሳይመን ዋይትሊ ግን ፊደሎቹን ያገኘው ከባለቤቱ የጃፓንኛ የምግብ አሠራር መጻሕፍት እንደሆነ ተናግሯል። አብዛኞቹ ካታካና ናቸው፤ በመስታወት እንደሚታይ ተገልብጠዋል።

ካታካናን የፈጠሩት በ9ኛው ክፍለ ዘመን የጃፓን የቡድሃ መነኮሳት ናቸው። የቻይንኛ መጻሕፍት ሲያነቡ እንዲረዳቸው፣ ከቻይና ፊደላት ቁራጭ እየወሰዱ ምልክት አበጁ። ዛሬ ዋና ሥራው የባዕድ ቃል መጻፍ ነው። እንግሊዝኛ ጃፓን የገባው በዚህ በር ነው፤ ገብቶ ግን እንደነበረ አልቀረም። «ማንሽን» ለእንግሊዝ ትልቅ የሀብታም ቤት ነው፤ ጃፓን ሲደርስ አፓርታማ ሆነ። የቢሮ ሠራተኛውን «ሳላሪማን» ያሉትም ጃፓኖች ራሳቸው ቃል ገጣጥመው ነው። እኛስ የታሸገ ውሃን ሁሉ «ሃይላንድ» ስንል ማንን አስፈቀድን?

ሶኒ በ1979 ዎክማንን ሲያወጣ፣ ስሙ የእንግሊዝኛ ተናጋሪን ጆሮ ይጎረብጣል ተብሎ አሜሪካ ውስጥ «ሳውንድአባውት»፣ እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ «ስቶውአዌይ» ተባለ። በመጨረሻ ዓለምን የዞረው ግን ያው «የተሳሳተው» ስም ነው።

ኋላ ነገሩ ተገለበጠ። ሱፐርድራይ የተባለው የእንግሊዝ ልብስ አምራች በጃፓንኛ የሚያትመው ጽሑፍ ቃል በቃል ሲፈታ «እጅግ ደረቅ (አድርግ)» ይላል። በ2011 የወጣው «ፍሎራል ሾፕ» የተባለው አሜሪካዊ የሙዚቃ አልበምም ሽፋኑ ላይ ጃፓንኛ ጽፏል። በታዋቂው ዘፈን ርዕስ ውስጥ «ኮምፒውተር» የሚለው ቃል ጭራው ተቆርጦ «ኮምፒው» ብሎ ይቆማል። ከዚህ ስልት ቬፐርዌቭ የሚባል ሙሉ የሥዕል ዓለም ወጣ፤ አየሁት፣ ወደድኩትም።

ግን ሁለቱ ስህተቶች እኩል አይደሉም። ጃፓኖች እንግሊዝኛን ያጣመሙት ሊኖሩበት ነው፤ በተጣመመው ቃል ቤት ይከራዩበታል፣ ደመወዝ ይቀበሉበታል። ሥዕሉ ላይ ያለው ካታካና ግን አንባቢ አይጠብቅም፤ እንዲታይ ብቻ ነው የተቀመጠው።

አንድ ቀን የእኛ ፊደል ተገልብጦ የሌላ ፊልም ዝናብ ቢሆን፣ መጀመሪያ ደስ የሚለኝ ይመስለኛል። ወዲያው ግን አንገቴን አጣምሜ ላነበው እሞክራለሁ። «ሀ»ን የቆጠረ ሰው ፊደል አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ አይሆንለትም። ጃፓናዊውም ሲኒማ ቤት ተቀምጦ እንዲሁ ሳይሞክር አልቀረም።