በይነ መስካዊ ምርምር፦ ፍችውና የወላይታ ምስክርነት

በዘመናችን ከፍተኛ ትምህርት ቤቶች አዘውትረው ከሚናገሯቸው፣ ነገር ግን ምሥጢራቸው ሳይመረመር ከአፍ ወደ አፍ ከሚተላለፉት የባዕድ ቃላት አንዱ «ኢንተርዲሲፕሊናሪ» የሚለው ነው። ቃሉ የተለያዩ የጥናት መስኮች ሊቃውንት፣ ለምሳሌ የሥነ ፍጥረትን ሥርዐት የሚመረምሩት የሥነ ምድር፣ የኬሚስትሪና የሥነ ሕይወት ሊቃውንት፣ የሰውን ልጅ ኑሮና ጠባይ ከሚመረምሩት ከሥነ ማኅበረሰብና ከምጣኔ ሀብት ሊቃውንት ጋራ ተባብረው አንድን ጥያቄ የሚፈቱበትን አካሄድ የሚያመለክት ሲሆን፣ እኛም በዚህ ጽሑፍ «በይነ መስካዊ ምርምር» ብለን ተርጕመነዋል።

«በይነ» ከግእዝ የመጣ ነው፤ መጻሕፍት «በበይናቲሆሙ» ሲሉ «እርስ በርሳቸው» ማለታቸው እንደ ሆነ የግእዝ ተማሪ ያውቀዋል፤ ዛሬም «በይነ መንግሥታት» እና «በይነ መረብ» በሚሉት ቃላት ሥራ ላይ ውሏል። «መስክ» ደግሞ የጥናት መስክ ነው። «ዘርፈ ብዙ» የሚለውን የተለመደ ቃል ያልመረጥንበት ምክንያት፣ እርሱ የመስኮቹን ብዛት ብቻ ስለሚናገርና እያንዳንዱ ሊቅ የየራሱን ምዕራፍ ጽፎ ምዕራፎቹ በአንድ ሽፋን ቢጠረዙ እንኳ ስያሜው ስለሚስማማው ነው። በይነ መስካዊ የሚባለው ግን በአንዱ መስክ የተገኘው ዕውቀት የሌላውን መስክ ጥያቄ ሲለውጠው ነው። በአገራችንም ብሉዩን፣ ሐዲሱን፣ ሊቃውንቱንና መነኮሳቱን አራቱን ጉባኤያት አጠናቆ የያዘው መምህር «አራት ዓይና» ይባል እንደ ነበር ይታወቃል፤ ያ የአንድ ሰው ምሉእነት ሲሆን፣ በይነ መስካዊ ምርምር ግን አንድ አንድ ዓይን ያላቸው ብዙዎች አንዱ የሌላውን አይቶ የራሱን አመለካከት የሚያርምበት ጉባኤ ነው።

ነገሩ በግብር ምን እንደሚመስል ለመረዳት ከወላይታ የተሻለ ምስክር ማግኘት አይቻልም። ከዳሞታ ተራራ ግርጌ በተቀመጠችው በወላይታ ሶዶ ዙሪያ ያለው አገር እንሰትና በቆሎ፣ ስኳር ድንችም የሚበቅልበት፣ ሕዝቡ እጅግ ተጠጋግቶ የሚኖርበት ነው። ከጥንት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘው ቀይ ሸክላ አፈሩ ለገበሬው እንጀራው ሲሆን፣ በባዶ እግሩ ሲረግጠው ለኖረው ሰው ግን የደዌ ምንጭ ሆኗል። ሕዝቡ «ዝሆኔ» የሚለው ይህ የእግር እብጠት በትንኝ አማካይነት ከሚተላለፈው የትል ዝሆኔ የተለየ ነው፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት በወላይታ ከመቶ ሰው 5.46 ያህሉ በዚህ ደዌ እንደ ተያዘ ገልጿል።

ምርምሩን በሥነ ምድርና በሕክምና መካከል የጀመረው እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በኢትዮጵያ ሲሠራ፣ በባዶ እግራቸው የሚሄዱ ሰዎች ንፍፊት ውስጥ ከአፈር የገቡ ረቂቅ የማዕድን ቅንጣቶችን አግኝቶ፣ ደዌውን «እግር» እና «አቧራ» ከሚሉት የግሪክ ቃላት አጣምሮ «ፖዶኮኒዮሲስ» ብሎ ሰየመው። ኋላም በጎጃም የተደረገ ጥናት ስሜክታይት፣ ማይካና ኳርትዝ የተባሉት ማዕድናት ከሚበዙበት አፈር ጋራ ደዌው እንደሚዛመድ አሳይቷል።

ነገር ግን ጥፋቱ የአፈሩ ብቻ ከሆነ፣ በአንድ ማሳ ላይ በባዶ እግራቸው ከሚውሉት ጎረቤታሞች አንዱ ታሞ ሌላው ስለ ምን ይድናል? የሥነ ምድር ሊቅ ሊመልሰው የማይችለው ይህ ጥያቄ ወደ ሥነ ዘር ሊቃውንት ተሻገረ። ጌይል ዴቪ ከባልደረቦቿ ጋራ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣችው ጥናት በወላይታ የታመሙ ሰዎች ያሉባቸውን ቤተ ሰቦች የዘር ሐረግ መርምራ፣ በደዌው በመያዝ ረገድ በሰዎች መካከል ከሚታየው ልዩነት 63 ከመቶ ያህሉ በዘር ከሚወረስ ባሕርይ እንደሚመጣ ገመተች። የቀረው ሥራ ደም ወስዶ ዘረ መሉን መለየት ይመስል ነበር።

በዚህ ጊዜ ግን ጉዳዩን የሥነ ማኅበረሰብ ጥናት አቆመውና መንገዱን አስለወጠው። ዝሆኔ ያለበት ሰው ከማኅበር፣ ከድግስና ከጋብቻ ይገለል ስለ ነበር፣ ሐኪም መጥቶ «ይህ ደዌ በዘራችሁ አለ» ቢል፣ ነውሩ ከታመመው ሰው አልፎ ለእህቶቹና ለልጆቹ እንዳይተርፍ ቤተ ሰቡ መፍራቱ የተገባ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 ፋሲል ተኮላና ባልደረቦቹ ይህንኑ ፍርሃት በወላይታ ራሱን የቻለ የጥናት ርእስ አድርገው መረመሩት፤ ሕዝቡን አስቀድሞ ማስተማር፣ ሕዝቡ የሚያምናቸውን የአካባቢ ሠራተኞች መካከለኛ ማድረግና ፈቃድ የሚጠየቅበትን ቃል ከኑሮው ጋራ ማስማማት እንደሚያስፈልግም አሳዩ። ከዚህ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው የዘረ መል ጥናት 194 ሕሙማንን ከ203 ጤነኞች ጋራ አስተያይቶ፣ ለደዌው መጋለጥ ሰውነት ባዕድ ነገርን ለይቶ ከሚከላከልባቸው ዘረ መሎች ጋራ የተያያዘ መሆኑን ገለጸ።

ምጣኔ ሀብቱም የበኩሉን ጨመረ። እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣው ስሌት አንድ ሕመምተኛ በዓመት ከሥራ ቀኖቹ 45 ከመቶ ያህሉን ያጣ ነበር፤ የወላይታ ዞን ጠቅላላ ኪሳራም በየዓመቱ ከ16 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ይበልጥ ነበር። መድኃኒቱ ግን ውድ አይደለም፤ እግርን በውኃና በሳሙና መታጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ እብጠቱን በፋሻ ማሰርና ጫማ ማድረግ ነው። እንግዲያስ ሰው ጫማ የማያደርገው ስለ ምንድር ነው ቢሉ፣ ገበሬውን ቀርበው የጠየቁት አጥኚዎች ከዋጋው በተጨማሪ ጫማ ለእርሻ ሥራ የማይመች ሆኖ እንደሚታይና ለክት ቀን እንደሚቀመጥ አስረድተዋል። ስለዚህ «ጫማ አድርጉ» ብሎ ማስተማር ብቻ በቂ እንዳልሆነ የታወቀው በሐኪሙ መነጽር ሳይሆን በገበሬው ቃል ነው። አበባየሁ ቶራም ከባልደረቦቹ ጋራ እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ጥናት ሕሙማኑ መገለልን እንዴት እንደሚቋቋሙት ከራሳቸው አንደበት ሰምቶ ጽፏል።

ከአፈር ወደ ዘር፣ ከዘር ወደ ነውር፣ ከነውር ወደ ጫማ የሄደው ይህ የጥያቄ ሰንሰለት ቃሉን ከማንኛውም መዝገበ ቃላት ይልቅ ይፈታዋል። በ1999 ዓ.ም. የተመሠረተው የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲም ሆነ ሌሎቹ ከፍተኛ ትምህርት ቤቶቻችን፣ ከእንግዲህ «በይነ መስካዊ» የሚል ስም የያዘ የምርምር ሐሳብ ሲቀርብላቸው፣ ስንት የትምህርት ክፍሎች ፈረሙበት ብለው ከመቍጠር ይልቅ፣ የትኛው መስክ የትኛውን ጥያቄ ለወጠ ብለው ይጠይቁ፤ ለዚህ መልስ የሌለው ሐሳብ ዘርፈ ብዙ ቢባል ይበቃዋል።