የወንድ ልጆች ተኩስ እና ሴቶቹ

እኛ እንቁጣጣሽን በምናከብርበት ሰሞን፣ ስዊዘርላንድ ዙሪክ ውስጥ ታዳጊዎች በደረታቸው ተኝተው ጠብመንጃ ይተኩሳሉ። አትደንግጡ፣ የጦርነት ወሬ አይደለም! እናት፣ አባት፣ አያት ሁሉ አብረው የሚወጡበት የቤተሰብ መዝናኛ ነው።

በዓሉ «ክናበንሺሰን» ይባላል፤ በአማርኛ «የወንድ ልጆች ተኩስ» እንደ ማለት ነው። በሴፕቴምበር ሁለተኛ ሳምንት መጨረሻ፣ ከቅዳሜ እስከ ሰኞ፣ ከከተማዋ ዳር አልቢስጉትሊ በሚባል ቦታ ይካሄዳል። ከ13 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች፣ አጠገባቸው ልምድ ያለው ሰው ሆኖ፣ በጦር ሠራዊቱ ጠብመንጃ 300 ሜትር ርቆ ወደ ቆመ ዒላማ አምስት ጥይት ይተኩሳሉ። ሙሉ ነጥቡ 35 ነው። ተራቸውን የጨረሱት ወደ ባዛሩ ይሄዳሉ፤ እዚያ የተጠበሰ ቋሊማ አለ፣ የሚሽከረከር መጫወቻ አለ፣ ግርግር አለ። ሰኞ ከሰዓት ብዙ የዙሪክ መሥሪያ ቤቶች ሳይቀሩ ይዘጋሉ።

ተኩስ እንዴት የቤተሰብ ሽርሽር ሊሆን ቻለ? (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስዊዘርላንድ የምትተማመነው በቋሚ ሠራዊት ሳይሆን በዜጎቿ ነው፤ ገበሬው፣ ሰዓት ሠሪው፣ መምህሩ ሁሉ ወታደር ነው። ስለዚህ መተኮስን መለማመድ የአገር ጉዳይ ሆነ። በ1824 አራው ከተማ ላይ የመጀመሪያው አገር አቀፍ የተኩስ በዓል ተደረገ። ዘመናዊው ፌዴራል መንግሥት የተመሠረተው ገና በ1848 ነው። በሌላ አነጋገር፣ በቋንቋና በሃይማኖት የተለያዩት ካንቶኖች አንድ መንግሥት ከመሆናቸው በፊት አንድ ዒላማ ላይ ተኩሰዋል። የዙሪኩ በዓልም ዛሬ የምናውቀውን መልክ በ1889 ያዘ።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ጠብመንጃ የያዘ ዜጋ ነው፤ ዜጋ የሆነም ይመርጣል። ታዲያ ጠብመንጃ ያልያዘችውስ? በ1959 «ሴቶች ይምረጡ ወይ?» ተብለው የተጠየቁት ወንዶች፣ ከሦስት ሁለቱ «አይሆንም» አሉ። እሺ ያሉት በ1971 ነው። አፐንዘል ኢነርሮደን በተባለችው ትንሽ ካንቶን ደግሞ ወንዶች አደባባይ ወጥተው እጅ በማንሳት ሲመርጡ የምርጫ ካርዳቸው በወገባቸው የታጠቁት ጎራዴ ነበር። ሴቶች እዚያ አደባባይ እንዲቆሙ ያስገደደው በኖቬምበር 1990 የተሰጠ የፌዴራሉ ፍርድ ቤት ውሳኔ ነው። በአፕሪል 1991 ጎራዴ ሳይታጠቁ፣ ካርድ ይዘው ወጡ።

በዚያው በ1991 ሴት ልጆች ለመጀመሪያ ጊዜ በዙሪኩ ተኩስ እንዲወዳደሩ ተፈቀደ። ሁለቱን ነገሮች ያገናኛቸው አዋጅ የለም። ሆኖም አጋጣሚው ራሱ ይናገራል፦ በጨዋታው ሜዳ ያልነበሩት በምርጫው አደባባይም አልነበሩም። ስሙ ግን እስካሁን «የወንድ ልጆች ተኩስ» ነው!

ይህን ስል ጠብመንጃን ላሞግስ አይደለም። በ2001 ሱግ ከተማ ውስጥ አንድ ሰው የካንቶኑ ምክር ቤት ገብቶ 14 ሰዎች ገድሏል። በ2019 የጦር መሣሪያ ሕጉ እንዲጠብቅ ሕዝብ ሲጠየቅ፣ የተኩስ ማኅበራቱ ቢቃወሙም፣ 64 በመቶ ያህሉ ደግፏል። ዒላማ መተኮስ የሚወድ ሕዝብም ልክ ያወጣል ማለት ነው።

ለእኔ የታሪኩ ፍሬ ሌላ ነው። አንድ አገር ማንን እንደ ሰው እንደሚቆጥር ለማወቅ ሕገ መንግሥቱን ብቻ አታንብቡ፤ በበዓሉ ቀን ማን እንደሚጫወትና ማን ቆሞ እንደሚያይም ተመልከቱ። እኛም ቡሄ ላይ ጅራፍ የሚያጮኸው፣ ገና ሲደርስ ሩሩን የሚመታው ማን እንደሆነ እናውቃለን። «ጨዋታ እኮ ነው» የሚል ካለ፣ ጨዋታ ከሆነማ እህቱን ቢያስገባ ምን ይጎዳዋል?